የደረቀ ላጋ ዳሩ ለምን ይለመልማል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያላችሁ የሞያሌ ሰዎች፣ በቡቲዬና በሶሎሎ፣ በዳበልና በጎልቦ ሜዳ ከብት እየጠበቃችሁ ሬዲዮ የከፈታችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የምናወራው ወንዝ ዳር ስለሚበቅሉ ዕፅዋት ነው። «ወንዙስ የት አለና?» ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም። እውነት ነው፣ ሞያሌ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ትልቅ ወንዝ ካልን ወደ ምሥራቅ ርቀን ዳዋ ላይ መድረስ አለብን። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ኬንያንና ኢትዮጵያን እያዋሰነ የሚወርደው፣ ዶሎ አጠገብ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ የሚሆነው ዳዋ ማለቴ ነው። እኛ ያለን ላጋ ነው። ዝናብ በጣለ ቀን ለጥቂት ሰዓት እያጓራ ያልፋል፤ በማግስቱ አሸዋው ብቻ ይቀራል።

ግን እስኪ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጥር ወይም በነሐሴ፣ ሜዳው ሁሉ ነጥቶ በደረቀበት ጊዜ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ አንድ ጠመዝማዛ አረንጓዴ መስመር ታያላችሁ። ያ መስመር ላጋው ነው። ጠብታ ውኃ የማይታይበት ወንዝ ዳሩ እንዴት ለመለመ? ማንንም ብትጠይቁ «ከሥር ውኃ ስላለ ነዋ» ይላችኋል። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ውኃ ብቻውን ዛፍ አያሳድግም። ጎርፉ ምን ይዞ መጣ? አፈሩስ ካመጣው ውስጥ ምን ያህሉን ያዘ? ሌላው ግማሽ መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ የዛሬው ጊዜያችንም የሚያልቀው በእሱ ላይ ነው።

ተክል ከአፈር ከሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች ውስጥ ለዛሬ ሁለቱን ብቻ እንያዝ፦ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል፤ ፎስፈረስ ሥር ያጠነክራል፣ አበባና ፍሬ ያደርሳል። የሁለቱ ምንጭ አንድ አይደለም። ፎስፈረስ ድንጋይ ሲፈርስና ወደ አፈርነት ሲለወጥ ይወጣል። ናይትሮጅን ግን መነሻው አየር ነው። ተክል ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም፤ ግራርንና ባቄላን በመሳሰሉ ተክሎች ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ለአፈር የሚያደርሱት።

አካሄዳቸውም ለየቅል ነው። ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ዓይነት በውኃ ይሟሟል፤ ውኃው በሄደበት ሁሉ ይሄዳል፣ ውኃው በሰረገበት ይሰርጋል። ፎስፈረስ ግን ከደቃቅ የሸክላ አፈር ላይ፣ በተለይም ቀዩን አፈር ቀይ ካደረገው የብረት ዝገት ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። ላጋው ደፍርሶና ቀልቶ ሲወርድ ስናይ «አፈራችን ሄደ» ብለን እናዝናለን። ለላይኛው ሜዳ በርግጥ ኪሳራ ነው፤ ለታችኛው ዳር ግን ሲሳይ ነው። ጎርፉ ኩል መስሎ ጠርቶ ቢወርድ ኖሮ የላጋው ዳር ዛፎች ፎስፈረስ ከየት ያገኙ ነበር?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጎርፍ እንምጣ። የቡና ሥርዓታችንን የምታውቁ አድማጮች ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በላጋ ዳር የመጀመሪያው ጎርፍ አቦል ነው፤ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ። ኃይሉ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ምክንያቱን ያወቅነው ደግሞ ከሩቅ አገር አይደለም፤ ከዚሁ ከኬንያ፣ ናይሮቢ አጠገብ ካለችው ሙጉጋ ነው። በ1950ዎቹ ሙጉጋ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የግብርናና የደን ምርምር ድርጅት ውስጥ በርች የሚባል የአፈር ተመራማሪ ይሠራ ነበር። አፈርን ያደርቃል፣ መልሶ ያርሳል፣ ደግሞ ያደርቃል፣ ደግሞ ያርሳል። ያየውን በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተመ፦ ደርቆ የቆየ አፈር ውኃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው ብስባሽ በድንገት መበስበስ ይጀምራል፣ ናይትሮጅንም በብዛት ይለቀቃል። አፈሩ በደረቅነት በቆየ ቁጥር ደግሞ የሚለቀቀው ይጨምራል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የአፈር ተማሪዎች ይህን ነገር «የበርች ውጤት» ብለው ይማሩታል። ሙጉጋ እንደተገኘ የሚያውቁት ግን ስንቶቹ እንደሆኑ እንጃ።

ምሥጢሩ በዓይን የማይታዩት የአፈር ነዋሪዎች ላይ ነው። በድርቅ ጊዜ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ይተኛሉ። ዝናብ ሲመጣ የተረፉት ነቅተው የሞቱትን ይበላሉ፣ በፍጥነት ይራባሉ፣ በዚህ መካከል የታሰረው ናይትሮጅን ለተክል በሚሆን መልክ ይወጣል። ለወራት ሜዳ ላይ የተጠራቀመው እበት፣ በጠጥና የረገፈ ቅጠልም ከመጀመሪያው ጎርፍ ጋር ተጠርጎ ይወርዳል።

ይህን ከራሳችን ትዝታ ጋር አገናኙት። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉብን። ከዚያ በ2023 መጨረሻ የኤል ኒኞው ዝናብ ሜዳውን ሞላው። ረጅም ድርቅን ተከትሎ የሚመጣ ዝናብ ሣሩን አንዳንዴ ሰው ከጠበቀው በላይ ያስፈነድቀዋል፤ «ምድሪቱ ዐረፈች» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። በርች የለካው ይህንኑ ነው ማለት ይቻላል። ግን ጉድለትም አለው፤ በዚያች የመጀመሪያ ሳምንት የተለቀቀውን ናይትሮጅን የሚቀበል ሥር በቦታው ከሌለ ውኃው ይዞት ይሄዳል ወይም ወደ አየር ይመለሳል። ላጋ ዳር የቆመ ዛፍ ከሜዳው ሣር የሚበልጠው እዚህ ጋ ነው፤ ሥሩ ቀድሞ እዚያ ነው፣ ዘር እስኪበቅል አይጠብቅም።

ወደ ውጭ አገር አንድ ጊዜ ብቅ ብለን እንመለስ። በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ውስጥ ሲካሞር ክሪክ የሚባል ጅረት አለ፤ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ በዝርዝር አጥንተውታል። እዚያ የጎደለው ናይትሮጅን ሆኖ ተገኘ፤ ፎስፈረሱን ድንጋዩ ራሱ ይሰጣል። ለዚህ ነው በበረሃ ጅረት ዳር ናይትሮጅን ከአየር ማምጣት የሚችሉ ተክሎች የሚበረቱት። በእኛም ላጋ ዳር ግራር የሚበዛው አለምክንያት አይደለም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ጎርፉ አመጣ እንበል። የት ያራግፈዋል? ውኃ ሲፈጥን ከባዱንም ቀላሉንም ይሸከማል። ዳሩን አልፎ ሲሰፋና ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጥለው አሸዋውን ነው፤ ስለዚህ ከላጋው አፋፍ አጠገብ አሸዋ ይከመራል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደለሉ ያርፋል። ከሁሉም ርቆ፣ ውኃው በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ፣ ደቃቁ ሸክላ ይቀመጣል። ሁለት መቶ እርምጃ ባልሞላ ቦታ ውስጥ ሦስት ዓይነት አፈር ታገኛላችሁ፤ በሦስቱም ላይ የሚበቅለው የተለያየ ነው።

አሸዋው ውኃ ያስገባል፣ አየር ያስገባል፣ ምግብ ግን አይዝም። ረጅም ሥር ያለው ይኖርበታል። ሸክላው ተቃራኒ ነው፤ ምግብ ይዟል፣ ውኃም ይዟል፣ ግን አጥብቆ ስለሚይዘው ለሥር በቀላሉ አይለቅም፤ ሲርስ ደግሞ አየር ያጣል። መካከለኛው ደለል ነው የሁሉም ምርጥ። አትክልት የምትተክሉ ሰዎች ያን መካከለኛ ቦታ ፈልጉ።

ጥቁሩን ዋልካ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወደ ማርሳቢት ስትወርዱ፣ ከቱርቢ ወዲያ ያለው የዲዳ ገልገሎ ሜዳ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በዚህ ማበጥና መሰንጠቅ ቀጭን ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ሁሉም ዛፍ አይቆምም፤ ኳስ የመሰለ እብጠት ያለውና ጉንዳን የሚያሳድረው ያ ቁጥቋጦ ግራር ግን ይችልበታል። የእኛ የሞያሌ ቀይ አፈር ከዚህ የተለየ ነው፤ እጅግ ካረጀ ድንጋይ የመጣ፣ ውኃ በቶሎ የሚያሳልፍ፣ ፎስፈረሱን ግን ብረቱ ላይ አጥብቆ የሚይዝ። ሁለቱ በላጋው ዳር በተገናኙበት ቦታ የዕፅዋቱ ዓይነት በጥቂት እርምጃ ውስጥ ሲለወጥ ታያላችሁ።

የእናንተ አፈር የትኛው ነው? ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ነጭ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ ሙሉበት፣ የልብስ ሳሙና ቆንጥራችሁ ጨምሩበት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ አስቀምጡትና አትንኩት። አሸዋው በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከታች ይተኛል። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው በማግስቱም ገና ውኃውን እንዳደፈረሰ ሊገኝ ይችላል። የመጨረሻው ሲጠራ ሦስቱን ንብርብር በማስመሪያ ለኩ። አፈሩን ከላይ ብቻ አትውሰዱ፤ አንድ ክንድ ቆፍራችሁ ውሰዱ፣ ከላይ ያለው ትናንት ጎርፍ የጣለው ሊሆን ይችላል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን ስለ ጎርፍ ብቻ ተናገርኩ። ግን ምግብ ወደ ውኃ የሚያመጣ ሌላ ጎበዝ አጓጓዥ አለ፤ እሱም አራት እግር አለው።

ማራ ወንዝን ታውቃላችሁ። እዚያ ከ4,000 በላይ ጉማሬዎች አሉ። ሌሊት ሣር ሲግጡ ያድራሉ፣ ቀን ወንዙ ውስጥ ተኝተው ይውላሉ፤ በየቀኑ ወደ ወንዙ የሚጥሉት እበት 36 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ተመራማሪዎች አስልተዋል። የሜዳው ምግብ በጉማሬ ሆድ በኩል ወንዝ ይገባል ማለት ነው። እኛ ጉማሬ የለንም። ግመል፣ ላምና ፍየል ግን አለን፤ ሥራቸው ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ሩቅ ሜዳ ላይ ይግጣሉ፣ ለውኃ ወደ ላጋውና ወደ ጉድጓዱ ይመጣሉ፣ ለአዳር በረት ይገባሉ። ከሰፊ ሜዳ የተለቀመ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሁለት ቦታ ይጠራቀማል፦ በውኃው ዳርና በበረቱ።

ይህ ክምችት ስንት ዘመን ይቆያል? በኬንያ ደቡብ ምዕራብ፣ ናሮክ አካባቢ፣ ከ1,500 እስከ 3,700 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የጥንት ከብት አርቢዎች በረቶች ተጠንተው ነበር። ጥናቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። እረኞቹ ከሄዱ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ አፈሩ ግን ዛሬም ከአካባቢው ይልቅ ለም ነው፣ ሣሩም ዛሬም ይለያል፣ የዱር እንስሳትም መርጠው ይግጡበታል። ከብት አርቢ መሬት ያራቁታል የሚል አባባል በየስብሰባው ስሰማ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ሌላው ከደቡብ ቱርካና ነው። ሪድ እና ኤሊስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቦረናዎች ደደቻ የሚሉት ግራር ችግኝ በተተዉ በረቶች ውስጥ እንዴት እንደሚበዛ አሳዩ። ፍየሎች የግራሩን ፍሬ ይበላሉ፣ ዘሩ ሳይፈጭ ያልፋል፣ በረቱ ውስጥ ከፍግ ጋር ይወድቃል። ሰዎቹ በረቱን ትተው ሲሄዱ ዘሩ፣ ምግቡና እርጥበት የሚይዘው ብስባሽ በአንድ ቦታ ተገናኝተው ይገኛሉ። ጥላ የምንላቸው ብዙ ግራሮች የቀድሞ በረት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሆኖም መንገዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ፕሮሶፒስ፣ በኬንያ «ማቴንጌ» የሚባለው፣ በአፋር ደግሞ «ወያኔ» የተባለው እሾሃማ ዛፍ፣ በዚያው በእንስሳት ሆድ ነው የሚስፋፋው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ አጠገብ የተራቆተ የድንጋይ ማውጫ ለማልማት ተተከለ፤ በ1980ዎቹ ባሪንጎ ደረሰ። ጥልቅ ሥር አለው፣ ናይትሮጅንም ራሱ ያመጣል፣ ላጋ ዳር ሲገባ ማንም አያስወጣውም። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ የፍየል ጥርስ ያበሰብሳል፤ የባሪንጎ ሰዎች መንግሥትን ከሰው ጥርሷ የረገፈ ፍየል እስከ ፍርድ ቤት ይዘው ሄደዋል። ችግኙ ገና ክንድ ሳይሞላ ከነሥሩ ካልነቀላችሁት በኋላ በገጀራ መጨፍጨፍ ጥቅም የለውም፤ ከጉቶው ይበዛል።

ስለ ምግብ መብዛትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የከተማው ቆሻሻ ውኃ በሚወርድበት የላጋ ክፍል ጉሎ፣ አሉማና ዕፀ ፋርስ ሞልቶ ካያችሁ እዚያ ናይትሮጅን ከልክ በላይ አለ ማለት ነው፤ እነዚህ ተክሎች የሰባ አፈር ይወዳሉ። አሉማና ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ድርቅ ካለፈ በኋላ ዝናብ እንደጣለ፣ ናይትሬት በግንዳቸው ያጠራቅማሉ። የራባት ላም ብዙ ከበላች ናይትሬቱ በሆዷ ተለውጦ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ታለከልካለች፣ ደሟ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ የራበውን መንጋ መጀመሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አብሉት፣ ከዚያ ብቻ ወደ ለጋው አስገቡት። ምልክቱን ካያችሁ የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ጥሩ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሸዋ ስለሚጫንበት ነገር ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አልሠራሁም። ከተማዋ እያደገች ነው፤ ከኢሲዮሎ የሚመጣው አስፋልት ከተጠናቀቀ ወዲህ ግንባታው በርክቷል፣ ለግንባታ ደግሞ አሸዋ ያስፈልጋል። የላጋ አሸዋ ግን ባዶ ድንጋይ አይደለም። ከመጠኑ ሲሶ ገደማ ክፍተት ነው፤ ውኃ የሚያድረው እዚያ ነው። ከግማሽ ሜትር በታች የወረደ ውኃ ፀሐይ ብዙም አያገኘውም፤ ኪቱይና ማቻኮስ ውስጥ ሰዎች በላጋ ላይ ግድግዳ ሠርተው አሸዋ የሚያከማቹት ለዚህ ነው። አሸዋው በጭነት መኪና ሲሄድ የላጋው ወለል ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ውኃም አብሮ ይወርዳል፣ ሥሩ የቀረው ዛፍ ከአናቱ መድረቅ ይጀምራል። ዳሩም ከፍ ብሎ ስለሚቀር ቀጣዩ ጎርፍ ደለሉን ዳር ላይ መጣል አይችልም። ውኃም ምግብም በአንድ ጊዜ ተቋረጠ ማለት ነው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ኦሞ ወንዝ ነው። ቱርካና ሐይቅ ከሚገባለት የወንዝ ውኃ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የሚያገኘው ከኦሞ ነው። ዳሰነችና ሌሎች የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ጎርፉ ሲሸሽ በተወው ጥቁር ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ማዳበሪያ ሳይገዙ። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በ2016 መጨረሻ ተመረቀ። መብራቱ ለብዙ ሰው ደርሷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ደለሉ ግድቡ ውስጥ ቀረ፣ ዓመታዊው ጎርፍም እንደ ድሮው ዳሩን አይጎበኝም። አሸዋ የሚጭን አንድ መኪና ግድብ አይደለም፤ በትንሽ ላጋ ላይ በየቀኑ ከተመላለሰ ግን ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ልዩነቱ አይገባውም።

በኬንያ የ2007 የውኃ ሀብት ደንብ በወንዝ ዳር እንደ ወንዙ ስፋት ቢያንስ 6፣ ቢበዛ 30 ሜትር ሳይነካ እንዲቀር አዝዞ ነበር። ችግሩ ላጋው በደረቀባቸው ወራት ያ ቦታ የወንዝ ዳር መሆኑን ሁሉም መርሳቱ ነው፤ አጥር ይታጠራል፣ ቤት ይሠራል፣ ጎርፉ ሲመጣ ግን ቦታውን አልረሳም።

ጊዜያችን እያለቀ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁት ጥያቄ ልግባ። «ላጋ ዳር ሱኩማ ጎመንና ፓፓያ ብተክልስ?» ሱኩማ ይሆናል። በመካከለኛው ደለል ላይ፣ ከጎርፉ መስመር ከፍ ባለ ቦታ፣ የቆየ የፍየል ፍግ ቀላቅላችሁ ትከሉ። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ፤ ችግኝ ያቃጥላል። ፓፓያ ግን ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ውኃ ውስጥ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ አያገግምም። ስለዚህ ጉብታ ሠርታችሁ አናቱ ላይ ትከሉት።

ቅጠሉንም አንብቡት። አሮጌው የታች ቅጠል መጀመሪያ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ጎድሎታል። አዲሱ የላይ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ብረት ማግኘት አቅቶታል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ይህ የተለመደ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከደረቀና አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ደግሞ ጨው ነው። ጨው ሲታይ ብዙ ሰው የሚያደርገው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውኃ ማርከፍከፍ ነው፤ ይህ ያባብሰዋል፣ ውኃው ተንኖ ጨው ይጨምራል። ውኃ ካላችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡና ጨውን ወደ ታች አውርዱት፤ ከዚያ አፈሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት። መውረጃ የሌለው የዋልካ ጉድጓድ ከሆነ ግን ይህም አይሠራም፤ ቦታ ቀይሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ግራር ዘር አዘገጃጀት፣ የፈላ ውኃ አፍስሶ ስለማሳደር እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)